ሉመኑን ይተዉት፣ ካንዴላውን ይዩ፦ ሌሊት የዱር እንስሳ ለማየት የሚሆን የእጅ ባትሪ

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለጉዞ እወጣለሁ። ሌሊት ከአስጎብኚ ጋር በእግርም በመኪናም እየዞርን የዱር እንስሳት የምናይበት ፕሮግራም አለ። ሻንጣዬ ትንሽ ስለሆነች ኪስ የምትገባ የእጅ ባትሪ እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ 10,000 ሉመን የሚሉ ትንንሽ ባትሪዎች አይቻለሁ። ትልቁን ቁጥር ልግዛ? ወይስ የስልኬ መብራት ይበቃኛል? ደግሞ እንስሳት ቀይ ብርሃን ስለማያዩ ቀይ መብራት ያለው ግዛ የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ምላሽ፦ 10,000 ሉመኑን ይርሱት። አውራ ጣት በምታክል ባትሪ ላይ የተጻፈ 10,000 ሉመን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ከታማኝ አምራቾች የሚመጡ የኪስ ባትሪዎችም ቢሆኑ ማሸጊያቸው ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር የሚያወጡት ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ይግላሉ። ሲግሉ ውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ትንሽ አካል ብዙ ሙቀት ማስወጣት ስለማይችል ይህ በየትኛውም ብራንድ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሲገዙ መጠየቅ ያለብዎት ባትሪው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንት ሉመን ይዞ እንደሚቆይ ነው። ጥሩ ግምገማ የሚሠሩ ሰዎች ይህንን በግራፍ ያሳያሉ።

ግን ዋናው ችግር የቁጥሩ መጋነን አይደለም። ሉመን ለእርስዎ ሥራ የሚሆን መለኪያ አይደለም። ሉመን ከባትሪው የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይቆጥራል፣ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግርዎትም። ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተጠናክሮ እንደሚሄድ የሚለካው ካንዴላ ነው። የውሃ ጎማ ጫፉ በጣት ሲያዝ፣ ውሃው ሳይጨምር ሩቅ ይደርስ የለ? እንደዚያ ነው። ጨረሯን ሰብስባ የምትልክ የ300 ሉመን ባትሪ ብርሃኗን ከምትበትን የ1,500 ሉመን ባትሪ ይልቅ ዛፍ ላይ የተቀመጠውን እንስሳ አጥርታ ልታሳይዎት ትችላለች። የምትበትነዋ ሌላም ጣጣ አላት። ከፊትዎ ሁለት ሜትር ላይ ያለውን ሣርና ቅጠል ታንቦገቡገዋለች። ዓይንዎ ለዚያ ብርሃን ራሱን ያስተካክልና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ይሆንብዎታል።

የስልክዎም መብራት ችግሩ ይኸው ነው። ብርሃኑን የሚሰበስብ ነገር ስለሌለው ከጥቂት ሜትር በላይ አይሻገርም። ቁልፍ ለመፈለግና ድንኳን ውስጥ ጫማ ለማግኘት በቂ ነው። እንስሳ ለመፈለግ ግን አይሆንም። በዚያ ላይ የስልኩን ቻርጅ ለሌላ ነገር ይፈልጉታል።

ካንዴላን ወደ ርቀት መቀየር ቀላል ነው። ብዙዎቹ አምራቾች የሚጠቀሙበት ኤፍኤል 1 የሚባል የአሜሪካ ደረጃ አለ። መጀመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት የባትሪው ርቀት የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) የሚወርድበት ቦታ ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ማለት ነው። ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ፤ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት አውጥተው በሁለት ያባዙ። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይሰጥዎታል። 40,000 ካንዴላ ደግሞ 400 ሜትር። ልብ ይበሉ፣ ርቀቱ እጥፍ እንዲሆን ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በጨረቃ ብርሃን ልክ የሚታይ እንስሳ "የሆነ ነገር አለ" ያሰኝ ይሆናል እንጂ ምንነቱ አይለይም። እኔ የተጻፈውን ርቀት ለሦስት አካፍዬ ነው የማስበው። 200 ሜትር ከተባለ፣ 60 ወይም 70 ሜትር ላይ ያለውን ጥርኝ ከሸለምጥማጥ እለይበታለሁ ብዬ እወስዳለሁ።

በዚሁ ደረጃ የሰዓት አቆጣጠሩም ተንኮል አለው። ባትሪው ይሠራል የሚባልበት ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ 1,000 ሉመን፣ 4 ሰዓት የሚል ጽሑፍ አራት ሰዓት ሙሉ 1,000 ሉመን ያበራል ማለት አይደለም።

አሁን ሌሊት እንስሳ እንዴት እንደሚገኝ እንይ፤ ምርጫዎ የሚወሰነው በዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያዩት እንስሳውን ሳይሆን ዓይኑን ነው። ሌሊት የሚንቀሳቀሱ ብዙ እንስሳት ከሬቲናቸው ጀርባ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሽፋን አላቸው። የገባው ብርሃን በሬቲናው ሁለት ጊዜ እንዲያልፍ ያደርግና በትንሽ ብርሃን የተሻለ እንዲያዩ ይረዳቸዋል። የተረፈው ብርሃን ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል። የድመት፣ የጅብ፣ የሚዳቋ፣ የአዞ ዓይን ሌሊት የሚያበራው ለዚህ ነው። ሣር ውስጥ እንደ አልማዝ ፍንጣሪ ብልጭ የምትለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ጤዛ ናት፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ስምንት እግር ካላት ግን ሸረሪት ናት።

"ወደ መጣበት ይመለሳል" ያልኩትን አይለፉት። የሚመለሰው ብርሃን በጠባቡ ወደ ባትሪው ነው የሚሄደው። ዓይንዎ ከባትሪው አጠገብ ከሌለ አያገኘውም። እንስሳው ቅርብ በሆነ ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ባትሪውን ወገቡ ላይ ይዞ የሚሄድ ሰው አሥር ሜትር ላይ ያለ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። አጠገቡ ያለው ጓደኛው፣ ባትሪውን ጉንጩ ላይ አስደግፎ የያዘው፣ ያንኑ ዓይን ያያል። ስለዚህ ባትሪውን በትከሻዎ ላይ አሻግረው፣ ከጆሮ ግንድዎ አጠገብ፣ ከዓይንዎ ትይዩ ይያዙት። ይህች አያያዝ ሌላ 2,000 ሉመን ከመጨመር ትበልጣለች፤ ገንዘብም አትጠይቅም። ባትሪው ቀጭንና ቀላል መሆን ያለበትም ለዚህ ነው፤ ከባድ ባትሪ እዚያ ቦታ ላይ ይዘው ሰዓት አይቆዩም።

ታዲያ ግንባር ላይ የሚታሰረው አይሻልም ወይ? ለዓይን ነጸብራቅ ቦታው ትክክል ነው፣ እጅም ነጻ ያደርጋል። ግን የሌሊት ነፍሳት በሙሉ ፊትዎ ላይ ይሰፍራሉ። ብርድ ከሆነ የራስዎ ትንፋሽ፣ ደረቅ ከሆነ አቧራው ከዓይንዎ ፊት ነጭ መጋረጃ ይሠራል። ለማውራት ዞር ባሉ ቁጥር ደግሞ የጓደኛዎን ዓይን ያጠፋሉ። እኔ የግንባር ባትሪን ለመሄጃ፣ የእጅ ባትሪን ለመፈለጊያ ነው የምለው። ጉም ካለ ግን የእጁንም ቢሆን ከዓይን ራቅ፣ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ ነጸብራቁ ቢቀንስም ቢያንስ ከፊት ያለው ይታያል።

ዓይኑ የማያንጸባርቅ እንስሳም አለ። ሰው፣ ዝንጀሮና ጦጣ ሽፋኑ የለንም፤ አሳማም የለውም። እስስት ዓይኗ አያበራም፤ ነገር ግን ተኝታ ሳለ ሰውነቷ ፈዛዛ ስለሚሆን በባትሪ ብርሃን ከቅጠሉ ተለይታ ነጣ ብላ ትታያለች። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ርቀት ሳይሆን ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ብርሃን ነው። በነጸብራቁ ቀለም ብቻ ደግሞ "ቀይ ስለሆነ ይሄ ነው፣ አረንጓዴ ስለሆነ ያ ነው" አይበሉ። አንዱ እንስሳ ራሱ አንገቱን ሲያዞር ቀለሙ ይቀያየራል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ስፋት፣ ከመሬት ያላቸውን ከፍታ፣ አረማመዱንና እንዴት እንደሚያይዎት ይዩ። ቀጥ ብሎ የሚያፈጥ ብዙ ጊዜ አዳኝ ነው፤ ጎን ለጎን አንድ አንድ ዓይን እያሳየ የሚሄድ ብዙ ጊዜ ሣር በል ነው።

የቀዩ መብራት ጉዳይ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቀይን በደንብ አያዩም። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ከነጭ ያነሰ ይረብሻቸዋል። ግን "አያዩም" ማለት ልክ አይደለም፤ ጠንከር ካለ ያዩታል። ብዙ ወፎችና ተሳቢ እንስሳት ደግሞ ቀይን አሳምረው ያያሉ። ቀይ ብርሃን በርግጠኝነት የሚጠቅመው እርስዎን ነው። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ አፍታ የበራ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ያን ሁሉ ያጠፋዋል። ደብዛዛ ቀይ ግን ብዙም አይነካውም።

ችግሩ ባትሪዎች ላይ ከጎን የምትለጠፈዋ ትንሽ ቀይ አምፖል ናት። ካርታ ለማንበብ፣ መንገድ ለማየት ትሆናለች። እንስሳ ግን አያገኙባትም፤ አምስት ሜትር ላይ ታልቃለች። ቀይ ማጣሪያ ክዳን ማድረግም አለ፤ ግን ነጭ ኤልኢዲ በተለይ ሰማያዊ ያደላበት ከሆነ ቀይ ብርሃን በውስጡ ትንሽ ነው። ማጣሪያው አብዛኛውን ይበላና የተረፈው ርቀቱ በጣም ያጥራል። አስጎብኚው ቀይ ብቻ ካለ በቃ ቀይ ነው፣ ክርክር የለም። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ግን ነጭ ሆኖ ወደ ታች መውረድ የሚችል ብርሃን ከቀይ ይበልጣል እላለሁ።

ወደ ታች መውረድ ስል በቁም ነገር ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ብርሃን እያየ ይገዛና ትንሹ ብርሃን ራሱ 50 ሉመን ሆኖ ያገኘዋል። ጨለማ በለመደ ዓይን 50 ሉመን ፊት ለፊት የተተኮሰ ያህል ነው። ከ1 ሉመን በታች ወይም ቢበዛ 5 ሉመን የሚሰጥ ደረጃ ያለው ይፈልጉ። ሲያበሩት ከትንሹ የሚጀምር ወይም በአንድ አጫጫን ቀጥታ ትንሹን የሚሰጥ መሆን አለበት። ሲጫኑት ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን በአጋጣሚ የሚመጣበት ባትሪ አይግዙ። እንስሳም ሰውም ያስደነብራል። ትንሹ ደረጃ ላይ ብርሃኑ ይርገበገብ እንደሆነ ለማወቅ የስልክዎን ካሜራ ከፍተው ወደ ነጭ ግድግዳ የበራውን ብርሃን ይዩበት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች እየተንሸራተቱ ከታዩ ይርገበገባል ማለት ነው። ለፎቶና ለቪዲዮ አይሆንም፣ ዓይንም ያደክማል።

የብርሃኑን ቀለም በተመለከተ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለውን ይምረጡ። ቀለምን በታማኝነት የማሳየት መለኪያው፣ ሲአርአይ የሚሉት፣ 90 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። 6,500 ኬልቪን ያለው ሰማያዊ ያደላበት ብርሃን በወረቀት ላይ የበለጠ ሉመን ያሳያል። ነገር ግን ቡናማውን ጸጉር ግራጫ ያስመስለዋል፣ ነፍሳትንም ይበልጥ ይጠራል።

ድንጋዩን በተመለከተ ምርጫው በሁለት መካከል ነው። ደብል ኤ ድንጋይ የትም ይገኛል። 18650 የሚባለው ሊቲየም አዮን ደግሞ ወፍራም፣ ረዘም ያለና ቻርጅ የሚደረግ ነው፤ ስሙ መጠኑ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በውስጡ የሚይዘው ኃይል ከአንድ ጥሩ ቻርጅ የሚደረግ ደብል ኤ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ባትሪው ሌሊቱን እንዲያበራልዎት ከፈለጉ ምርጫው 18650 ነው። ደብል ኤን የምመክረው ለብዙ ቀን ቻርጅ የማይገኝበት ቦታ ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን አልካላይኑን (ቻርጅ የማይደረገውን) ውስጡ ትቶ ባትሪውን ማስቀመጥ አይገባም፤ ያፈስና ያበላሸዋል። 18650 ሲገዙ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ካዩ ጥለውት ይሂዱ። ትክክለኞቹ 3,500 አካባቢ ናቸው።

በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ቢሆን ለጉዞ ይመቻል። አንድ ነገር ግን ይያዙ፤ አንዳንዶቹ በሁለቱም ጫፍ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ አያደርጉም። አንዱ ጫፍ የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ሻንጣዎ ውስጥ ይኑር።

አውሮፕላን ላይ ትርፍ ሊቲየም ድንጋይ ከእርስዎ ጋር በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፤ ተጭኖ በሚሄደው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፉ ከብረት ጋር እንዳይነካካ በፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ያድርጉት። ሳንቲምና ቁልፍ ካለበት ኪስ ጋር ፈጽሞ አያገናኙት። ባትሪውን ራሱን ደግሞ ሳያስቡት እንዳይበራ ይቆልፉት። አብዛኞቹ የኋላ ክዳናቸው ሩብ ዙር ሲላላ ይቋረጣሉ፤ አላልተው ማብሪያውን ጫን ያድርጉት፣ ካልበራ ተቆልፏል። ይህን አያቃልሉት፤ ኃይለኛ ባትሪ ልብስ መካከል በርቶ ከቆየ ጨርቅ ያቃጥላል።

ውሃን በተመለከተ አይፒኤክስ 7 ይበቃል። አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። አይፒኤክስ 4 ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚችለው፤ ዝናብ ባለበት አልተማመንበትም።

አሁን ጥንቃቄው። የእንስሳን ዓይን በጨረሩ እምብርት አይምቱ። ዓይኑን ካገኙ በኋላ ብርሃኑን ቀንሰው ወይም ወደ ጎን አዙረው ዳር ዳሩ ባለው ደብዛዛ ብርሃን ይዩት። ደርቆ የቆመ እንስሳ ተረጋግቷል ማለት አይደለም፤ ታውሮ ሊሆን ይችላል። በተለይ አዳኝ አጠገቡ ካለ በእርስዎ ብርሃን ምክንያት ሊበላ ይችላል። ጥቂት ሰከንድ አይተው ይልቀቁት። የተኛ ወፍና ጎጆ ላይ ባትሪ አይደገንም። የባሕር ኤሊ እንቁላል በምትጥልበት ዳርቻ ነጭ ብርሃን በፍጹም አይበራም፤ እናትየዋ ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች፣ ጫጩቶቹም ወደ ባሕሩ መሄዱን ትተው ወደ መብራቱ ይሄዳሉ። ሕጉንም አስቀድመው ይጠይቁ። ማዳጋስካር ለምሳሌ በብሔራዊ ፓርኮቿ ውስጥ የሌሊት የእግር ጉዞ አትፈቅድም፤ የሚደረገው ከፓርኩ ውጭ ዳር ዳሩን ነው። በሌሎች ቦታዎችም ጫካ ውስጥ ባትሪ እያበሩ መዞር ሕገወጥ አዳኝ ሊያስመስልዎት ይችላል። መኪና ላይ ከሆናችሁ ትልቁን መብራት የያዘው አስጎብኚው ነው፤ እሱ እየፈለገ የእርስዎን አያብሩ። ሁለት ጨረር ሲደበላለቅ የሁለታችሁም ዓይን ይጠፋል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። በአንድ 18650 የሚሠራ፣ ከ10,000 እስከ 20,000 ካንዴላ ያለው፣ ለረጅም ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሉመን መያዝ የሚችል፣ ትንሹ ደረጃው ከ5 ሉመን የማይበልጥ፣ ብርሃኑ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን የሆነ፣ አይፒኤክስ 7 የሆነ የእጅ ባትሪ ይግዙ። አንድ ትርፍ ድንጋይ ይጨምሩ። ገንዘቡ ከተረፈ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ቀይ ያላት ርካሽ የግንባር ባትሪ ለመሄጃ ይግዙ። ከ20,000 ካንዴላ በላይ የሚሄዱት ጨረራቸው በጣም ጠባብ ስለሚሆን ጫካ ውስጥ እንስሳ መፈለግ በቀዳዳ እንደማየት ይሆናል። ሜዳ ላይ ብቻ ከሆነ የሚሄዱት፣ ያኔ ከፍ ቢያደርጉት አልቃወምም።

ባይኖኩላር ካለዎት ይያዙት። ባትሪውን በግራ እጅዎ ከባይኖኩላሩ በርሜል ሥር በጣቶችዎ አጣብቀው፣ ጨረሩን ወደሚያዩት ቦታ አስተካክለው አብረው ያንቀሳቅሱት። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ከመሄድዎ በፊት ጨለማ ቦታ ላይ ይለማመዱት። በዚያው አጋጣሚ ማብሪያውን ሳያዩ ትንሹን ብርሃን ማግኘት መቻልዎን ይፈትሹ።

ቦታው ጊንጥ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ጣት የምታክል የአልትራቫዮሌት ባትሪ ትርፍ ነገር አይደለችም። ጊንጥ በእሷ ብርሃን ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በቀላሉ ያዩታል። 395 ናኖሜትር የሚሉት ርካሾቹ ራሳቸው ሐምራዊ ብርሃን ስለሚያወጡ ይሸፍኑታል፤ 365 ናኖሜትር የሚለውን ይፈልጉ። ዓይን ላይ አያብሩት። ጫማም የተዘጋ ይሁን።